ቆፈን ለያዛቸው ጣቶች፦ በብርድ ወራት ሞተር ለሚነዱ አንባቢያን

የብርዱ ወራት ሲቃረቡ ወደዚህ ዓምድ ከሚመጡት ጥያቄዎች የሚበዙት በኤሌክትሪክ ስለሚሞቁ የሞተር ልብሶች ናቸው። ከደረሱን መካከል የብዙዎችን ችግር ይነካሉ ያልናቸውን መርጠን እንመልሳለን። የትኛው የንግድ ስም ይሻላል ለሚሉን ሁሉ ግን አስቀድመን አንድ ነገር እንበል፤ ከስሙ በፊት ዋቱን ይመልከቱ። ሞተርዎ ስንት ዋት እንደሚያተርፍ ሳያውቁ የተገዛ ውድ ልብስ መንገድ ላይ ባትሪ ይዞ ይሞታል።

ከዴንቨር

*ጥያቄ፦ ወደ ሥራ የምሄደው በሞተር ነው፤ ማለዳ ወጥቼ 40 ደቂቃ በፍጥነት መንገድ እነዳለሁ። አየሩ 4 ዲግሪ ሲሆን ለበረዶ ሸርታቴ የተሠራ ወፍራም ጓንት አድርጌ እንኳ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣቶቼን ቆፈን ይይዛቸዋል። የሚሞቅ ጓንት ልገዛ ስል ጓደኛዬ «መጀመሪያ ጃኬቱን ግዛ» አለኝ። የበረደኝ እጄን ነው፤ ጃኬት ምን ያደርግልኛል?*

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ጣት የራሱ ምድጃ የለውም። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ስለሆኑ ጣቱ ላይ ሙቀት የሚያመነጭ ሥጋ እምብዛም የለም፤ የሚሞቀው ከደረት በሚመጣለት ደም ነው። ደረትና ሆድ መቀዝቀዝ ሲጀምሩ ሰውነት ሙቀቱን ለልብና ለሳንባ ሲል ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ያን ጊዜ ጓንቱ የቱንም ያህል ቢወፍር ይዞ የሚያቆየው ሙቀት አያገኝም።

ነፋሱንም በቁጥር እንየው። በአሜሪካና በካናዳ የአየር ትንበያ በሚሠራበት ቀመር መሠረት፣ 4 ዲግሪ አየር ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የተራቆተ ቆዳ ሙቀቱን የሚያጣው ነፋስ በሌለበት፣ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ እንደቆመ ሰው ነው። ቆዳው ራሱ ከአየሩ በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ስለዚህ በ4 ዲግሪ ጣትዎን ውርጭ አይበላውም። ይደነዝዛል ግን። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ላይ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ፍሪሲዮን ላይ ደግሞ ልኩን ይስታል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከጃኬት ስር የሚለበስ የሚሞቅ ገበር፣ ቀጥሎ ጓንት፣ ከዚያ ሱሪ፣ በመጨረሻ ካልሲ። ለ40 ደቂቃ መንገድ ገበርና ጓንት ይበቃዎታል። ሱሪው ዋጋ የሚኖረው ጉዞው ከአንድ ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ወይም አየሩ ከዜሮ ሲወርድ ነው። እጅጌ የሌለው የሚሞቅ ሰደርያ ይረክሳል፤ እኛ ግን ባለ እጅጌውን እንመርጣለን። ነፋሱ በቀጥታ የሚመታው ክንድን ነው፤ ወደ ጣት የሚወርደውም ደም እዚያ ላይ ይቀዘቅዛል። ባለ እጅጌው ገበር ደግሞ ብዙ ጊዜ የጓንቱን ገመድ በእጅጌው ውስጥ አሳልፎ አንጓ ላይ ያወጣዋል፤ ጓንቱን ለብቻው በሌላ ገመድ ከመጎተት ያድናል።

አለባበሱ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ወፍራም ሹራብ ለብሶ ከላይ የሚሞቀውን ገበር የሚደርብ ሰው ሹራቡን እያሞቀ ነው የሚሄደው። ከቆዳ ቀጥሎ አንድ ስስ ልብስ ብቻ ይሁን፤ የሜሪኖ ሱፍ ወይም ፖሊስተር። የጥጥ ካናቴራ ላብ ይይዛል፤ ሙቀቱን ሲቀንሱት እርጥበቱ መልሶ ያበርዳል። በስሱ ልብስ ላይ ገበሩ ይለበሳል፤ ዚፑ ተዘግቶ መዳፍዎ ተጨናንቆ የሚገባበት ያህል ይጥበብ። ሲሞክሩት ቀጥ ብለው አይቁሙ፤ መሪ እንደያዘ ሰው እጅዎን ወደፊት ዘርግተው ይሞክሩት። ከፊት ጠብቆ ከጀርባ ከተነፋ ቁጥሩ አይሆንዎትም። ሹራቡ፣ የግድ ካስፈለገ፣ ከገበሩ በላይ ይሁን። ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባው የሞተር ጃኬት ይደረባል። አንገት ክፍት ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ በጨርቅ ቱቦ ይዝጉት። ሻርፕ አይጠቀሙ፤ ጫፉ ይፈታል።

ከቤት ሲወጡም ገበሩን ወዲያው ያብሩት፤ ዝቅ ባለው ደረጃም ቢሆን። የገባን ብርድ ከማስወጣት እንዳይገባ መከላከል በጣም ያነሰ ዋት ይጠይቃል። ስለ ሸርታቴው ጓንት አንድ ቃል እንጨምር፤ አስፋልት ላይ ቢወድቁ መዳፍዎን አያድንም። ለሞተር የተሠራ የአውሮፓ ጓንት ውስጡ ላይ ኢኤን 13594 የሚል መለያ አለው።

ከሲያትል

*ጥያቄ፦ ሞተሬ ሱዙኪ ዲአር 650 ነው። 77 ዋት የሚል የሚሞቅ ገበር፣ 27 ዋት የሚል ጓንትና 44 ዋት የሚል ሱሪ አይቻለሁ። ሦስቱንም ባንድ ላይ ይሸከምልኛል?*

መልስ፦ አይሸከምም። ሁለቱን ግን በጥንቃቄ ይሸከማል። ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ ማንኛውም አንባቢ የራሱን ሞተር ቁጥር አስገብቶ ሊደግመው ይችላል።

የዲአር 650 ስታተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል፣ 200 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ያውም ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲሽከረከር። ከዚህ ላይ ሞተሩ ለራሱ የሚፈልገውን ይቀንሱ። የፊት መብራቱ አጭሩ 55፣ ረጅሙ 60 ዋት ነው። የኋላና የሰሌዳ መብራት ከ10 ዋት ብዙም አይርቅም፤ ለማቀጣጠያው ከ20 እስከ 30 ይያዙለት። ፍሬን ሲይዙና ሲጠመዝዙ የሚበሩትን መብራቶች፣ ባትሪውም መልሶ የሚሞላበትን ሲጨምሩ 110 ዋት ይደርሳል። ይህ ሞተር ካርቡሬተር ስላለው ነው ያነሰው፤ በኢንጀክሽን የሚሠራ ሞተር ለነዳጅ ፓምፑና ለኮምፒውተሩ ብቻ ሌላ ከ60 እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ለልብስ የሚተርፍዎት እንግዲህ 90 ዋት አካባቢ ነው።

ገበርና ጓንት ሲደመሩ 104 ዋት ነው፤ ሱሪው ሲጨመር 148። 148ቱ ከቁጥር ውጭ ነው። 104ቱ ግን ሙሉ ኃይል ላይ ሁሌ ስለማይበራ ይቻላል፤ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ አብዛኛው ሰው 60 በመቶው ይበቃዋል፤ ያ ማለት 62 ዋት ነው። የፊት መብራቱን በጥሩ ኤልኢዲ ከለወጡ ደግሞ 30 ዋት ያህል ያተርፋሉ፤ መብራቱ ለአገርዎ መንገድ የተፈቀደ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ለንጽጽር ያህል፣ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ 500 ዋት ገደማ የሚሰጥ ዲናሞ አለው፤ የዚያ ባለቤት ይህን ስሌት መሥራት አያስፈልገውም።

ስሌት ግምት ነው፤ ፈራጁ ቮልት መለኪያው ነው። ጥቂት የሚያወጣ ትንሽ ዲጂታል ቮልት ማሳያ መሪው አጠገብ ይግጠሙ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ወይም 12.8 ያሳያል። በጉዞ ፍጥነት፣ ልብሱ ሁሉ በርቶ፣ ከ13.2 በላይ ካሳየ ደህና ነዎት። ወደ 12.8 ከወረደ ስታተሩ አልቻለም፤ ልብሱን የሚያሞቀው ባትሪው ነው፤ ቀጥሎ ሲያጠፉት ላይነሳ ይችላል። መብራት ላይ ቆመው ትንሽ ቢወርድ አያስደንግጥዎ፤ መልሶ ይሞላል። ትራፊክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የሚቆሙ ከሆነ ግን ልብሱን ይቀንሱት።

በዚህ ምክንያት መቆጣጠሪያ የሌለው ልብስ አይግዙ። ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ያለው ገበር 10 ዲግሪ ላይ ያቃጥልዎታል፣ ሲያጠፉት ይበርድዎታል። ጥሩ መቆጣጠሪያ ኮረንቲውን በየሰከንዱ ክፍልፋይ እየቆረጠ ስለሚለቅ 30 በመቶ ላይ ሲያደርጉት ሞተሩም የሚከፍለው በአማካይ 30 በመቶ ብቻ ነው። ለገበርና ለጓንት የተለያየ ቁልፍ ያለውን ባለ ሁለት መስመር ይምረጡ፤ እጅና ደረት የሚፈልጉት ሙቀት አንድ አይደለም።

ከሚላን

*ጥያቄ፦ ሞተሬ ላይ ፋብሪካው የገጠመው ሶኬት አለ። የሚሞቀውን ገበርና ጓንት እዚያ ላይ ስሰካ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቋረጣል። ፊውዝ ግን አልተቃጠለም። ሞተሩ አዲስ ቢኤምደብሊው ነው።*

መልስ፦ ሶኬቱም ልብሱም አልተበላሹም። በብዙዎቹ ዘመናዊ ቢኤምደብሊው ሞተሮች ሶኬቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው፤ ከተፈቀደለት በላይ ኮረንቲ ሲሳብ ፊውዝ ሳያቃጥል ዝም ብሎ ይዘጋዋል። ጣሪያው እንደ ሞዴሉ ከ5 እስከ 10 አምፔር ነው። 104 ዋት በ13.5 ቮልት ሲካፈል 7.7 አምፔር ይመጣል፤ ጣሪያው 5 ለሆነ ሶኬት በዝቷል። መፍትሔው ከባትሪው በቀጥታ የራሱ ገመድ ማውጣት ነው። የሰዓት ሥራ ነው።

ከልብሱ ጋር አብሮ የሚመጣ ፊውዝ ያለው ገመድ ካለዎት እሱን ይጠቀሙ። ከሌለዎት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የወፈረ መዳብ ሽቦና የ15 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ቁልፉን አጥፍተው መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ ፖዘቲቩን ሲፈቱ መፍቻው የሞተሩን አካል ቢነካ ብልጭታ የሚፈጠረው ኔጋቲቩ ታስሮ ከሆነ ነውና። ሲመልሱ በተቃራኒው፣ ፖዘቲቩን ቀድመው ይሰሩ። ፊውዙ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው 15 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ራቅ ካለ በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያስቆመው ነገር የለም፤ ከነዳጅ ታንክ ስር እሳት ማለት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ትልቅ ቁጥር መተካት የሚለውን ልማድ እንዲተዉት አጥብቀን እንለምናለን።

ገመዱን በኮርቻውና በታንኩ መካከል፣ በግራ ጭንዎ በኩል ያውጡት። ማርሚታውን ወይም የሞተሩን ራስ እንዳይነካ፣ ኮርቻውም ሲዘጋ እንዳይቆነጥጠው በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። ርዝመቱ ተቀምጠው ወደፊት ቢያጎነብሱ የማይወጠር፣ ረስተው ቢወርዱ ግን ያለ ኃይል የሚነቀል ይሁን። ለሞተር ልብስ በተለመደው ክብ ስፒና ላይ መቆለፊያ የሌለው ለዚህ ነው፤ በናስትሮ አይጠምጥሙት።

ከባትሪ በቀጥታ የወጣ ገመድ ቁልፍ ሲጠፋ አይጠፋም። ገበሩ ተሰክቶና በርቶ ሻይ ቤት ቢገቡ ወደ 6 አምፔር ይስባል፤ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞተር ለማስነሳት አቅም ያጣል። ልብሱን ለብሰው ስለሚሄዱ ይህ ብዙ አያጋጥምም፤ ሆኖም ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ የሚያጠፋ ሪሌ ማስገባት እንቅልፍ ይሰጣል።

ከፍራንክፈርት

*ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ ስኩተር ምግብ አደርሳለሁ፤ ማታ ማታ አምስት ሰዓት ያህል ውጭ ነኝ። ስኩተሩ ላይ ልብስ የምሰካበት ነገር የለም። በራሱ ባትሪ የሚሠራ ጓንት «6 ሰዓት ይቆያል» የሚል ገዝቼ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። ተታልያለሁ?*

መልስ፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚቆይበት ነው፤ በትልልቅ ፊደል የሚጽፉትም እሱን ብቻ ነው፤ ይህ አያስመሰግናቸውም። የእነዚህ ጓንቶች ባትሪ ብዙ ጊዜ 7.4 ቮልት፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። 7.4 በ2.2 ሲባዛ 16 ዋት ሰዓት ይመጣል። ጓንቱ ከፍተኛው ላይ 8 ዋት ቢወስድ ሁለት ሰዓት ነው። ብርዱ ደግሞ ከባትሪው አቅም ላይ ይቀንሳል፤ ኪሱ ያለው በጓንቱ ጠርዝ ላይ ከሆነና ነፋስ የሚመታው ከሆነ ጉዳቱ ይጎላል። የጓንቱን ጠርዝ የጃኬቱ እጅጌ ውስጥ ያስገቡት፤ ባትሪው ከሰውነትዎ ሙቀት ይካፈላል።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከጓንቱ በፊት ሌላ ነገር እንመክራለን፤ መሪው ላይ የሚታሰር የእጅ መሸፈኛ። እጅዎ ከነመሪው እጀታ የሚገባበት እንደ ከረጢት ያለ ነገር ነው። ጣሊያን አገር በብርድ ወራት በየስኩተሩ ላይ ያዩታል፤ ዋጋውም ከሚሞቅ ጓንት በእጅጉ ያነሰ ነው። ነፋሱንና ዝናቡን ሙሉ በሙሉ ስለሚያቆም ውስጡ ስስ ጓንት ማድረግ ይችላሉ፤ ስስ ጓንት ደግሞ በር ላይ ስልክ ለመንካትና መልስ ለመቁጠር ይመቻል። የሚሞቀውን ጓንት ከመሸፈኛው ጋር ካዋሃዱት ዝቅተኛው ደረጃ ይበቃዎታል፤ ያን ጊዜ ያ የተጻፈው 6 ሰዓት እውነት ወደ መሆን ይጠጋል። ሲገጥሙት ፍሬኑን እንዳይጫነው፣ መሪው ሲጠመዝዝም እንዳይይዝ ቆመው ይፈትሹ። እጅዎንም ደጋግመው አውጥተው ያስገቡ፤ ሳያዩ መግባት እስኪለምድ ድረስ።

ለደረት ደግሞ በስልክ ፓወር ባንክ የሚሠራ ሰደርያ አለ። የሚስበው 10 ዋት ያህል ነው፤ ለፍጥነት መንገድ ትንሽ ነው፣ ለከተማ 40 እና 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን ይረዳል። 10 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ የተለካው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ በመለወጫው የሚባክነው ሲቀነስ 30 ይቀራል፤ ሦስት ሰዓት። ለአምስት ሰዓት 20 ሺሁን ይያዙ።

ቤት ሲገቡ ባትሪውን ወዲያው ቻርጅ አያድርጉ። ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ የሊቲየም ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ቦታው ከመግባት ይልቅ በላዩ ላይ እንደ ብረት ይጋገራል፤ ያ አቅም አይመለስም፣ ለአደጋም ያጋልጣል። ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ይሙቅ። ብርዱ አልፎ ሲያስቀምጡትም ግማሽ ያህል ሞልቶ ይሁን፤ ባዶውን ካስቀመጡት በሚቀጥለው ዓመት ላይነሳ ይችላል።

ከቨርጂኒያ

*ጥያቄ፦ 12 ቮልት ጓንቴ የግራው ይሞቃል፣ የቀኙ ቀዝቃዛ ነው። ልጥለው ወይስ ይጠገናል?*

መልስ፦ ከመጣልዎ በፊት የሁለቱን ስፒና ያቀያይሩ፤ የቀኙን ጓንት በግራው እጅጌ ገመድ ላይ ይሰኩት። አሁን ከሞቀ ጓንቱ ደህና ነው፣ የተበጠሰው የገበሩ እጅጌ ውስጥ ያለው ገመድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክርን ላይ ወይም ስፒናው አንገት ላይ። ካልሞቀ ቴስተር በኦም ላይ አድርገው የጓንቱን ስፒና ይለኩ፦ አንዱን ጫፍ መሃል ቀዳዳው ውስጥ፣ ሌላውን በውጭው ብረት ላይ። ደህና ጓንት ከ12 እስከ 15 ኦም ያሳያል፤ ከደህናው ግራ ጋር ማወዳደር ይበልጥ ያስተማምናል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተቆርጧል። ለገበሩም እንዲሁ መለካት ይቻላል፤ 77 ዋቱ 2.5 ኦም ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አጋጥመው የሚያሳየውን መጀመሪያ ይቀንሱ።

እየለኩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፉ። ቁጥሩ እየመጣ የሚጠፋ ከሆነ የተቆረጠው እዚያው ጣት ላይ ነው። ስፒናው አንገት ላይ ከሆነ ቆርጦ አዲስ ስፒና መበየድ ቀላል ነው። ጣት ውስጥ ከሆነ ግን አይክፈቱት፤ የተቀጠለበት ቦታ ይወፍራል፣ ከሌላው በላይ ይሞቃል፣ ይቆረጣልም። ብዙ አምራቾች ለማሞቂያ ሽቦው ለዓመታት ዋስትና ስለሚሰጡ ደረሰኝዎን ይፈልጉ። ሽቦውን የሚቆርጠው ደግሞ አወላለቁ ነው፤ ጣቶቹን በጥርስ ይዞ መጎተት። መዳፉ ላይ ይዘው ያውልቁት።

ከቴል አቪቭ

*ጥያቄ፦ ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ እግሩ ላይ ስሜቱ ቀንሷል። በኢየሩሳሌም መንገድ ሌሊት ስለሚነዳ የሚሞቅ ካልሲ ልግዛለት?*

መልስ፦ እህታችን፣ ካልሲውን አይግዙለት። ቆዳን ለማቃጠል የፈላ ነገር አያስፈልግም፤ 44 ዲግሪ ሳይነቀል ለ6 ሰዓት ያህል ከተነካ ያቃጥላል፣ ሙቀቱ በጥቂቱ ሲጨምር ደግሞ ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ጤነኛ ሰው ይሰማዋልና ይቀንሰዋል። ስሜቱ የቀነሰ እግር ግን አይናገርም፤ ጫማ ውስጥ ስለሆነም አይታይም። የስኳር ሕመም ባለበት እግር ላይ ደግሞ ትንሽ ቁስል ትልቅ ነገር ነው። ለእሱ የሚሻለው የደረት ገበር በዝቅተኛ ደረጃ፣ ጣት የማያጨናንቅ ነፋስ የማያስገባ ጫማና አንድ የሱፍ ካልሲ ነው፤ ሁለት ካልሲ ጫማውን አጥብቦ ደሙን ያግዳል። ገበሩንም ቢሆን ሐኪሙን ጠይቆ ይጠቀም።

ከስቶክሆልም

*ጥያቄ፦ የሚሞቀው ገበር ይታጠባል?*

መልስ፦ ይታጠባል፤ ባትሪና መቆጣጠሪያ ወጥቶለት፣ የስፒናው ክዳን ተዘግቶ፣ ለብ ባለ ውኃ በእጅ። አይጠመዘዝ፣ አይተኮስ፣ ለደረቅ እጥበት አይሰጥ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይሰካ። ስስ ልብስ ከስሩ ከለበሱ በብርዱ ወራት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢታጠብ ይበቃል።

ከደብረ ብርሃን

*ጥያቄ፦ በቦክሰር 150 ሞተር ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና እመላለሳለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር የጠዋቱ ውርጭ አይቻልም። ዳላስ ያለው ወንድሜ «የሚሞቅ ጃኬት ልላክልህ» ይለኛል። የትኛውን ይላክልኝ?*

መልስ፦ ከተማዎ ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ መንገዱ ደግሞ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱን አሳንሰን አናየውም። ሆኖም ሞተር ላይ የሚሰካውን ባለ 12 ቮልት ገበር እንዳይልኩልዎ። የትንንሽ ሞተሮች ስታተር የተሠራው ለመብራቱና ለማቀጣጠያው ነው፤ 77 ዋት የሚተርፍ ነገር የለውም። በቀላሉ ይፈትሹት፤ ማታ መብራቱን አብርተው ነዳጅ ሲሰጡ የሚደምቅ፣ ሲለቁ የሚፈዝ ከሆነ የፊት መብራቱ ከስታተሩ በቀጥታ ነው የሚበራው፤ ባትሪው የሚሞላው በጥቂቱ ነው፣ ልብስ ቢሰካበት በጥቂት ጉዞ ያልቃል።

ወንድምዎ በራሱ ባትሪ የሚሠራ 7.4 ቮልት ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ ባትሪና በ220 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር ይግዙ። በፓወር ባንክ የሚሠራ ሰደርያ ከተጨመረ ይሟላል። መንገደኛ የሚያመጣው ከሆነ ትርፍ ባትሪዎቹና ፓወር ባንኩ በእጅ ሻንጣ ነው የሚጓዙት፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆኑ በአውሮፕላን ያልፋሉ፤ ጫፋቸው በናስትሮ ይሸፈን። 7.4 ቮልቱን ጓንት ደግሞ ባትሪው ሲያልቅ «ሞተሩ ላይ ልሰካው» እንዳይሉ። ሲሄድ የሞተሩ ቮልት 13.8 ይደርሳል፤ ሙቀቱ የሚጨምረው በቮልቱ ስኩዌር ስለሆነ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል። እጅ ያቃጥላል።

እቃው እስኪደርስ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ደረትዎ ላይ፣ በሹራቡና በጃኬቱ መካከል፣ አራት አምስት ገጽ ጋዜጣ አጥፈው ያስገቡ፤ ነፋሱን ያቆማል። የእጅ መሸፈኛውን እዚያው ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሠራት ይቻላል፦ ከላይ ውኃ የማያስገባ ሸራ፣ ከውስጥ የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ፣ አፉ እጅ በቀላሉ የሚወጣበት ሰፊ፣ ከመሪው ጋር በሁለት ቦታ የሚታሰር። የደብረ ብርሃን አካባቢ የበግ ቆዳ አያጣም። ጋቢ ደርበው የሚነዱ ከሆነ ጫፉን ከጃኬቱ ውስጥ ያስገቡት ወይም በቀበቶ ይሰሩት፤ የተለቀቀ ጫፍ ወደ ሰንሰለቱና ወደ ኋላ ጎማው ይሳባል። ጣርማ በር ላይ ሲደርሱም ይቁሙ፤ ወርደው አምስት ደቂቃ እጅዎን በትከሻ ዙሪያ ያሽከርክሩ፤ ደሙ ወደ ጣት ጫፍ ይወረወራል። ሞቆ ካልተመለሰ ቁልቁለቱን አይጀምሩት፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬን ነው ሥራው ሁሉ።